ቤታቸውን ክፍት ትተው የሄዱት አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን አንድ አረጋዊ አባት ባረፉ ጊዜ እኛ ወጣቶች እንደ ልማዳችን ድንኳን ተክለን፣ አግዳሚ ወንበር ተሸክመን፣ ውኃ ቀድተን አገልግለናል። እኒህ አባት በየወሩ በ24 ቀን የሚጠጣው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጽዋ ማኅበርተኛ ነበሩ፤ ከ30 ዓመት በላይ ጽዋው ታጉሎባቸው አያውቅም። ሆኖም ከቀብር ተመልሰን እዝኑ ተበልቶ ሳያልቅ በልጆቻቸው መካከል በቤቱ ነገር ክርክር ተነሣ። ድምፁ ከፍ ከፍ ሲል ሽማግሌዎች ተነሥተው የውስጡን በር ዘጉ፤ እኛም እንዳልሰማ ሆነን ሳሕን ማጠባችንን ቀጠልን። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ኋላ እንመለስበታለን። በዚያ ማታ ግን ወንበሩን ወደ እድሩ ቤት ስንመልስ አንዱ ወንድማችን ያነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። እኒህ በየወሩ ዝክራቸው የሚዘከር ጻድቅ የራሳቸውን ንብረት ምን አድርገውት ነበር? ሌሊትና ቀን የጸለዩት ጸሎት ከንብረታቸው ነገር ጋር ምን ያገናኘዋል? ይህን ለማወቅ ገድላቸውን ደግመን አነበብን፤ ያገኘነውንም እንደ አቅማችን እነሆ አቅርበናል።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በሸዋ፣ በቡልጋ፣ ጽላልሽ ውስጥ ኢቲሳ በተባለው ስፍራ ነው። አባታቸው ካህኑ ጸጋ ዘአብ፣ እናታቸው እግዚእ ኀረያ ይባሉ ነበር፤ እርሳቸውም በሕፃንነታቸው ፍሥሐ ጽዮን ተብለዋል። ወላጆቻቸው ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን በዓል ድኾችን በማብላት ያከብሩ ስለ ነበር፣ ሕፃኑ ያደጉት የቤቱ እህል በየወሩ ወደ ደጅ ሲወጣ እያዩ ነው። ይህን ብዙዎቻችን እንደ መግቢያ ቆጥረን እናልፈዋለን። እኛ ግን ደግመን ስናነበው የነገሩ ሥር እዚህ ላይ መስሎ ታየን፤ በወር አንድ ቀን መስጠትን የለመደ ቤት ምን ዓይነት ልጅ እንደሚያወጣ ቀጥሎ እናያለን።

ገድሉ የሚነግረን ሌላ ነገር ደግሞ እኛን የአምቦን፣ የጉደርን፣ የጊንጪንና የሸነንን ልጆች በተለይ የሚመለከት ነው። ጻድቁ ገና ሳይወለዱ ሞተለሚ የተባለው የዳሞት ገዥ በሸዋ ላይ ዘምቶ አገሩን ሲያጠፋ እናታቸውን እግዚእ ኀረያን ማርኮ ወሰዳቸው፤ በቅዱስ ሚካኤል ተራዳኢነት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዛሬ ዳሞት ሲባል የምናስበው ጎጃምን ነው። የጥንቱ ዳሞት ግን ከዓባይ በስተ ደቡብ፣ ከሙገር ወንዝ በስተ ምዕራብ የነበረ ሰፊ አገር ነው፤ ስሙ ዓባይን የተሻገረው በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሰዎቹ ወደ ጎጃም በፈለሱ ጊዜ ነው። እንግዲህ ዛሬ እኛ የምንኖርበት ምድር በዚያ በጥንቱ ዳሞት ውስጥ ወይም ከጎኑ የነበረ ነው ማለት ነው። የጻድቁ እናት የተማረኩት ወደዚህ ወደ እኛ አቅጣጫ ነበር።

ፍሥሐ ጽዮን በወጣትነታቸው አደን ይወዱ ነበር። አንድ ቀን ለአደን ወጥተው ሳሉ የእግዚአብሔር ጥሪ መጣላቸው፤ ከእንግዲህ የዱር አራዊትን ሳይሆን የሰውን ነፍስ እንዲፈልጉ ተነገራቸው፤ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ሆነ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያላቸውን ሁሉ ለድኾችና ለችግረኞች አከፋፈሉ። የቤታቸውንም በር ሳይዘጉ፣ ቤቱን ክፍት እንደ ሆነ ትተው ሄዱ።

ውድ አንባብያን፤ በዚህ በር ላይ ጥቂት እንቁም። እኛ በተማሪ ቤት አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን በሁለት ቁልፍ የምንቆልፍ ሰዎች ነንና ነገሩ ከብዶ ይታየናል። ሰው ንብረቱን ሰጥቶ ሲያበቃ በሩን ቢዘጋስ ምን ነበረበት? በሩን የዘጋ ሰው ግን ልቡ አንድ ቀን የመመለስ አሳብ ሊኖረው ይችላል። ቁልፉን ለዘመድ ቢሰጥ ኖሮም በዓመቱ ስለ ቤቱ የሚጠይቅ መልእክት ይደርሰው ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የሞት ጥላ ሳይታያቸው፣ ጉልበታቸው ሳይደክም፣ አንድም ልጅ በራስጌአቸው ቆሞ ሳያለቅስ የውርሳቸውን ነገር በአንድ ቀን ጨረሱ። ኋላ 99 ዓመት አልፏቸው በታመሙ ጊዜ ስለ ንብረት የሚናገሩት ምንም ነገር አልነበራቸውም፤ ቀድሞ ተነግሮ አልቋል።

ይህ አካሄድ የአባቶች አሠረ ፍኖት ነው። የመነኮሳት ሁሉ አባት የሚባሉት ቅዱስ እንጦንስ በግብፅ ምድር ወላጆቻቸው ሞተውባቸው ከእኅታቸው ጋር ቀርተው ሳለ 300 ያህል ጥማድ የሚገመት ለም መሬት ነበራቸው። መሬቱን ለመንደራቸው ሰዎች ሰጡ፤ ተንቀሳቃሹን ዕቃ ሸጠው ለድኾች መጸወቱ፤ ለእኅታቸው ጥቂት አስቀሩ። ኋላ ያንንም ሰጥተው እኅታቸውን ለደናግል አደራ አሉ። ከእኛ መካከል አንዳንዱ፣ የሚጦር እናት ወይም የሚያድግ ታናሽ እኅት ያለበት፣ የጻድቁን ክፍት በር ሲያይ ልቡ ሊከፈል ይችላል። ለዚያ ሰው የእንጦንስ እኅት ነገር ትጠቅመዋለች፤ እርሳቸው ልጅቱን ረስተው አልመነኑም። በ356 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ105 ዓመታቸው ሊያርፉ ሲሉ ደግሞ የቀረቻቸውን ልብስ እንኳ አከፋፍለዋል፤ አንዱን የበግ ለምድና መጐናጸፊያቸውን ለቅዱስ አትናቴዎስ፣ ሌላውን ለምድ ለኤጲስ ቆጶሱ ለሰራፕዮን፣ የጠጉር ልብሳቸውን አብረዋቸው ለነበሩት ሁለት ደቀ መዛሙርት። በዘመናት ሁሉ ከተጻፉት ኑዛዜዎች ይህን ያህል አጭር የሆነ፣ ይህን ያህልም የታሰበበት መኖሩን እንጃ።

ወደ አባታችን እንመለስ። ቤታቸውን ትተው ከወጡ በኋላ እየሰበኩ ሄደው ዳሞት ደረሱ። ሞተለሚ እናታቸውን እንደ ምርኮ ዕቃ የነዳ ሰው ነው፤ እርሳቸው ግን ወደ እርሱ ሲመጡ የሚነጠቅ ነገር አልነበራቸውም። ገደል አስወርውሯቸው ነበር ይላል ገድሉ፤ እግዚአብሔር አተረፋቸው። በመጨረሻ ሞተለሚ አምኖ ተጠመቀ፤ የጥምቀት ስሙም ፍሥሐ ጽዮን ሆነ ይባላል። ጻድቁ በሕፃንነታቸው የተጠሩበት ስም ነው። እናታቸውን የማረከውን ሰው የልጅነት ስማቸውን ሰጡት ማለት ነው፤ ይህም በእኛ አስተያየት ከስጦታዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ነው።

ከዳሞት በኋላ ያሉትን ብዙ ዓመታት በአጭሩ እናልፋለን። በአማራ ምድር በአባ በጸሎተ ሚካኤል ገዳም፣ ቀጥሎም በሐይቅ እስጢፋኖስ በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሥር፣ ከዚያም በትግራይ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ዘንድ እየተማሩና እያገለገሉ ኖሩ። አንድ ነገር ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። በገድላቸው እንደሚነገረው ልብሰ ምንኵስናን ከኢየሱስ ሞዐ፣ ቆብና አስኬማን ከአባ ዮሐኒ ተቀበሉ፤ ወደ ሐይቅ ሲመለሱም ቆቡንና አስኬማውን ለመምህራቸው ለኢየሱስ ሞዐ ሰጡ። ከዚህም የተነሣ ማን የማን አባት ነው፣ የትኛው ገዳም ታላቅ ነው የሚል ክርክር ኋላ በገዳማት መካከል ለረጅም ጊዜ ኖሯል። ይህን ስናነብ ፈገግ ብለናል። መሬት የሌላቸው መነኮሳት በቆብ ውርስ ሲከራከሩ ማየት ለእኛ መጽናኛ ባይሆንም፣ ውርስ ከመሬትና ከቤት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ወደ ሸዋ ተመልሰው በግራርያ ደብረ አስቦ የተባለውን ገዳም መሠረቱ፤ ጊዜው በ1276 ዓ.ም. ገደማ ነው። ይህ ገዳም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ የተባለው ነው። ደቀ መዛሙርቱ በበዙ ጊዜ ወደ አንዲት ጠባብ በዓት ገቡ። ሥዕላቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በፊትና በኋላ፣ በቀኝና በግራ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 8 ጦሮች ተተክለዋል፤ ሰውነታቸው ደክሞ ወደ የትኛውም ወገን እንዳያዘነብል ነው። እንዲህ ሆነው 22 ዓመት ቆመው ጸለዩ፤ አንዲቱ እግራቸው ተሰበረች፤ ጥር 24 የምናከብረው ስባረ ዐፅማቸው ይህ ነው። ከዚያም በቀረችው በአንዲቱ እግር 7 ዓመት ቆሙ።

ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው እንደ ተአምር ነው። አሁን ግን በዓቱን ከቤቱ ጋር አስተያይተን ስናየው ሌላ ነገር ገባን። ያ ክፍት የተተወው ቤትና ይህች ጠባብ በዓት አንድ ነገር ናቸው። ሰው ወደ የትኛውም ወገን እንዳያዘነብል ጦር የሚተክለው የሚያዘነብልበት ነገር ስላለ ነው፤ ወደ ርስት፣ ወደ ዘመድ፣ ወደ ስም። አባቶች ተዘክሮተ ሞት የሚሉት፣ ሞትን ዕለት ዕለት ማሰብ፣ መጨነቅ አይደለም። እኛ እንደ ተረዳነው ሰው በየምሽቱ የእኔ የሚለውን ነገር በእጁ ይዞ ይህ የማን ነው ብሎ ራሱን መጠየቁ ነው። እንዲህ 22 ዓመት የጠየቀ ሰው በመጨረሻው ቀን ጥያቄው እንግዳ አይሆንበትም።

በ1305 ዓ.ም. ገደማ በገዳሙ ወረርሽኝ ገባ፤ ከመነኮሳቱም ብዙዎች አረፉ። አባታችንም ታመሙ። ልጆቻቸውን ሰብስበው መከሩ፤ በመንበራቸው አባ ኤልሳዕ እንዲተካ አዘዙ፤ ነሐሴ 24 ቀንም አረፉ። የተናዘዙት ይህን ብቻ ነው፤ የቀራቸው አንድ አደራ ነበር፣ እርሱንም ስሙን ጠርተው ሰጡ። ሆኖም ኤልሳዕ ብዙ አልቆየም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ተከተላቸው፤ መንበሩም ለአባ ፊልጶስ ሆነ። የታሰበው ሳይሆን ቀረ ማለት ነው። ነገር ግን ገዳሙ አልፈረሰም፤ ማን ይውረስ ብሎ የተነሣ ጠብ በገድሉ አናይም። በጻድቁ እግር ሥር ቆመው የጸለዩት ሁሉ አንድ ልማድ ነበራቸውና አንዱ ቢያልፍ ሌላው ያንኑ ይዞ ቆመ። ኋላም በጳጳሱ በአቡነ ያዕቆብ ዘመን የጻድቁ ልጆች 12 ሆነው የሸዋንና የአካባቢውን አገር ለስብከት ተካፈሉት። ለዳሞት የደረሱት አባ አድኃኒ እንደ ሆኑ ይነገራል። ከአባታችን ውርስ ወደዚህ ወደ እኛ የመጣው ክፍል ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው አለ፤ ማንሣቱም ተገቢ ነው። ሲሶ መንግሥት የሚባለውስ? ዐፄ ይኵኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. በነገሡ ጊዜ ለውለታቸው የአገሩን መሬት ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን እንዲሰጡ ከጻድቁ ጋር ቃል ኪዳን ተጋብተዋል የሚል ትውፊት አለ። እንደ ታደሰ ታምራት ያሉ የታሪክ ሊቃውንት ይህን ትውፊት ከጊዜ በኋላ የመጣ ነው ይላሉ፤ በዚያ ዘመን በንጉሡ ዘንድ ይበልጥ የቀረቡት ኢየሱስ ሞዐ እንደ ነበሩም ያስረዳሉ። እኛ የሊቃውንቱን ክርክር የምንፈታ አይደለንም። ነገር ግን የራሳቸውን ቤት ሳይዘጉ የሄዱ አባት የአገር ሲሶ ተቀበሉ መባሉ ልባችን አልተቀበለውም፤ ይህን በግልጽ እንናገራለን። ቢሆንም ከእርሳቸው በኋላ ደብረ ሊባኖስ ባለ ብዙ ጕልት ሆነ፤ እጨጌውም ከአገሩ ታላላቅ ባለ ርስቶች አንዱ ሆኑ። ያ ሁሉ መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ በአንድ ቀን አለፈ። ከዚያ በፊትም በግንቦት 1929 ዓ.ም. ፍልሰተ ዐፅማቸው በሚከበርበት ሰሞን የጣልያን ጦር የገዳሙን መነኮሳትና ዲያቆናት በጅምላ ፈጅቶ ነበር። ባለ ቤቶቹ ተገደሉ፣ መሬቱ ሄደ፤ ጸሎቱ ግን ዛሬም በደብረ ሊባኖስ አለ።

አሁን ወደ ሰፈራችን ነገር እንመለስ። በቋንቋችን ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ለንስሐ አባት ኃጢአትን መናገርም ኑዛዜ ነው፤ ንብረትን ለወራሽ መወሰንም ኑዛዜ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ካህን ፊት ያደርጓቸው ነበር። ነፍስ አባት ከራስጌ ተቀምጠው ኃጢአቱን ይሰማሉ፤ ቀጥሎም በሬው ለእገሌ፣ ቤቱ ለእገሊት ሲባል ይሰማሉ። ያ አረጋዊ አባትም እንዲሁ አደረጉ። ዓመት ሙሉ ያስታመመቻቸው ታናሿ ልጃቸው ነበረች፤ ቤቱ የእርሷ ይሁን ብለው ለነፍስ አባታቸው ተናገሩ። መጨረሻውን የሰማ ሌላ ሰው ቢኖር ቡና ይዛ የገባች አንዲት ጎረቤት ብቻ ናት።

ሽማግሌዎች ካህኑን ምስክርነት ጠየቁ። ካህኑ ዝም አሉ። በንስሐ የሰሙትንና በውርስ የሰሙትን አረጋዊው አልለዩላቸውም ነበር፤ ሁሉም የተነገረው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ የንስሐ ቃል ደግሞ አይወጣም። ልጅቱ በካህኑ አዘነች፤ እኛም ያን ጊዜ አዝነን ነበር። ኋላ ግን የሕግ ትምህርት የሚማሩ ወንድሞቻችንን ስንጠይቅ ካህኑ ቢናገሩም ቤቱ እንደማይተላለፍላት ሰማን። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን ለሁለት ምስክሮች ሊነገር ይችላል ይላል፤ ነገር ግን በቃል ሊናዘዙት የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ከተናዘዘ ከ3 ወር በኋላ በሕይወት ካለ ደግሞ ይፈርሳል። ቤት በቃል አይሄድም። ለቤት በራሱ እጅ የጻፈው ወረቀት፣ ወይም ተጽፎ በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ የተፈረመ ኑዛዜ ያስፈልጋል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። በእጅ የተጻፈውም ቢሆን በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ በ7 ዓመት ይሻራል።

ይህ ለመንፈሳዊ ጽሑፍ እንግዳ ይመስል ይሆናል። እኛ ግን 7 ዓመት የሚለውን ስንሰማ የጻድቁን በዓት አሰብን። ሕጉ እንኳ ሰው በየጊዜው ወረቀቱን አውጥቶ አሁንም ይህን አስባለሁን ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። አረጋዊው አባት ጾመኛ ነበሩ፣ ቆራቢ ነበሩ፣ ለተዝካራቸው የሚሆን ገንዘብ እንኳ ለይተው አስቀምጠው ነበር። ሞትን አላሰቡም ማለት አንችልም። ያላሰቡት ከሞታቸው በኋላ በዚያ ቤት የምትቀመጠውን ልጃቸውን ነው፤ ወይም አስበው፣ ነገ እያሉ ለመጨረሻው ሰዓት አቆዩት። ቤቱ ለአራቱም ልጆች እኩል ተባለ፤ ይሸጥ ወይም ይከፈል የሚለው ገና አልተጨረሰም። በመካከሉ በግንብ ተከፍሎ አሁን ሁለት በር አለው፤ ሁለቱም ይቆለፋሉ።

የአረጋዊው የጽዋ ተራ የደረሰው በሞቱ በአራተኛው ወር ነው። እንደ ማኅበሩ ሥርዓት የአባትን ጽዋ ልጅ ይወርሳል። ታላቅየው የእኔ ነው አለ፤ ታናሿም ጠላውን የምጠምቀው እኔ ነበርሁ አለች፤ በየትኛው በር እንግባ የሚለውን ማኅበርተኞቹ ሊወስኑ አልቻሉም። በዚያ ወር በ24 ጽዋው የተጠጣው በጎረቤት ቤት ነው፤ እኛም ወንበር ተሸክመን ወደዚያው ሄድን።